ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ

ቅዳሜ ጠዋት ሮቶ አጠብን። እኔና ባለቤቴ መላኩ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ እሱ ነው። ሰበታ እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ፣ ሮቶው ሲጎድል ጠብቀው ካላጠቡት ሥሩ ጭቃ ይይዛል። መላኩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በአፉ በኩል እንደ ድመት ሾልኮ ገባ። እኔ በርጩማ ላይ ቆሜ ብሩሽና ባልዲ አቀብለዋለሁ።

ከውስጥ ሆኖ ሲያወራ ድምፁ ያስተጋባል። "አስቴርዬ፣ የዚያ የሽማግሌው ጉዳይ…" ብሎ ጀመረ።

"ጆሮዬን አደነቆርከኝ። ውጣና ንገረኝ" አልኩት።

"እሺ፣ ፍርድ ቤቱ አቤቱታዬን ሳይሰማ መዝገቡን ዘጋው" ብሎ ሳቀ።

ወጥቶ እግሩን ሲለቃለቅ ቧንቧው መንፋት ጀመረ፤ ውኃው መጣ። ባልዲና ጀሪካን ፍለጋ ተሯሯጥን። ጉዳዩ ሳይነገር ቀረ፤ እኔም መልሼ አልጠየቅሁትም። እሑድ እንግዶች ነበሩብን። ሰኞ ጠዋት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሞቷል። ልብ ነው አሉን።

የምጽፍላችሁ ከዚያ ሰኞ እስከ ቀጣዩ ሰኞ የሆነውን ነው።

መላኩ የአንድ ከተማ አስተዳደር ነገረ ፈጅ ነበር። ከተማው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ አንዱ ነው። ያኔ ሦስቱም የየራሳቸው አስተዳደር ነበራቸው። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ ሰዎቹ አሁንም አሉ። ሰው አስተዳደሩን ሲከስ፣ አስተዳደሩን ወክሎ ዳኛ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። አብዛኛው ክስ የመሬት ነው። በየሰፈሩ የሚጠሉት ሰዎች ነበሩ፤ ለእኔ ግን ካልሲውን የሚጥልበትን የማያውቅ ባሌ ነበር።

እሱ ያደገው አዲስ አበባ ጉለሌ ስለሆነ ኦሮምኛን የለመደው በሥራ ነው። እኔ የተፍኪ ልጅ ነኝ፤ ሁለቱም ቋንቋ አፍ የፈታሁበት ነው፤ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ስለሆነ፣ መላኩ የጻፈውን ሁሉ ከማስገባቱ በፊት እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርምለታለሁ። "አንቺ ባትኖሪ ዳኛዋ አራተኛ ክፍል ትመልሰኝ ነበር" ይላል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው አንድ ወረቀት ለፍርድ ቤት አስገብቶ አያውቅም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቀብሩ ማክሰኞ ሆነ። ረቡዕ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ፍቃዱ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። በቀብሩ ላይ ከልባቸው ያለቀሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"አስቴር፣ ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ይንገሩኝ።"

"በመላኩ ቦርሳ ውስጥ አንድ ፋይል አለ። የሽማግሌው የኦቦ ደበላ ጉዳይ ነው። ዳኛዋ የመላኩን ሞት ስትሰማ ቀጠሮውን ለፊታችን ሰኞ አዛወረችው። መልሳችንን ያን ቀን ማስገባት አለብን። ፋይሉን ብቻ ስጪኝ፤ ቦርሳው ለልጆቹ ይሁን።"

ልጅ እንደሌለን ያውቃሉ። የተናገሩትን ሲሰሙ ራሳቸውም ደነገጡ፤ እኔም ያልሰማሁ መሰልኩ።

"እፈልገዋለሁ" አልኳቸው።

ቦርሳውን ሰኞ ዕለት ያመጣልኝ የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጫላ ነበር፤ አልከፈትኩትም ነበር። ለቀስተኛው ምሳ ሲበላ ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት። መነጽሩ፣ ግማሽ ብስኩት፣ ከዚያም ፋይሉ። ፋይሉ ውስጥ ከላይ የአስተዳደሩ መልስ አለ፦ የተተየበ፣ አቶ ፍቃዱ የፈረሙበት፣ ማኅተም ያረፈበት። ወዲያው አወቅሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ያረምኩት እኔ ነኝ።

በእኛ ከተሞች የይዞታ ካርታም የግብር ደብተርም የሌለው ሰው ቤቱ የቆየ መሆኑ የሚታወቀው ከአውሮፕላን ላይ በተነሣ ፎቶ ነው፤ የአየር ካርታ ይሉታል። በዚያ ፎቶ ላይ ጣሪያህ ከታየ ነባር ነህ፤ ካልታየ ሕገ ወጥ ነህ፣ ቤትህ ይፈርሳል። የመላኩ መልስ የኦቦ ደበላ ቤት በአየር ካርታው ላይ አይታይም ይላል። መላኩ ራሱ ቀደም ብሎ በሰጠው የሕግ አስተያየት ያንኑ ጽፎ ነበር። "በቦታው ቤት አልነበረም" የሚለው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ረጅምና የተንዛዛ ነበር፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። "አሁን ጠነከረ" ብሎ አመስግኖኛል።

ከዚያ ወረቀት ሥር በእጁ የተጻፉ ሦስት ገጾች አገኘሁ። እነዚህን አይቻቸው አላውቅም። ፊርማ የለባቸውም። ኦሮምኛው ስሕተት በስሕተት ነው፤ ቀይ ቀለም የሚባል አልነካውም። የሚለው ግን ይገባል፦ "ቀደም ሲል የሰጠሁት አስተያየት ስሕተት ነው። ቤቱ ከላይ ያልታየው በግራር ዛፍ ተሸፍኖ ስለነበረ ነው። ተከሳሽ አስተዳደር የከሳሽን ይዞታ ያምናል።"

ከገጾቹ ጋር በእስክሪብቶ ላይ የተጠቀለለ ሲባጎ አለ። ፈታሁት። ረጅም ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ተቋጥሯል።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምኑን እንደማስብ አላወቅሁም። የመንግሥት ነገረ ፈጅ ለከሳሹ የሚያደላ ነገር ለምን ይጽፋል? ለምንስ ከእኔ ይደብቃል? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሬሳው ከተቀበረ ገና በማግሥቱ ባሌን "ምን ተቀብሎ ይሆን?" ብዬ ጠርጥሬዋለሁ።

ጫላን ወደ ጓዳ አስጠራሁት።

"ሲወድቅ የትኛውን ወረቀት ይዞ ነበር?"

"ወረቀት አልያዘም እቴቴ። የታሸገ ውኃ ነው የያዘው። 'ክዳኑን ክፈትልኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ' አለኝ። ስከፍትለት ወደቀ።"

"ወደ ችሎት እየገባ ነበር ወይስ ሊመለስ ነበር?"

አሰበ። "ግቢው መሃል ላይ ነው። ቆሞ ነበር። ለምን እንደቆመ እንጃ።"

ሐሙስ ሰልስቱ ሆነ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ለብሰው፣ በትራቸውን ከድንኳኑ በር አቁመው ገቡ፤ እያለቀሱ ነበር። ከወላይታ መጥታ ጎረቤቴ የሆነችውና ክር ፋብሪካ የምትሠራው ብርቄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ይሄ ሰውዬ ማነው? ከወንድሙ በላይ አለቀሰ እኮ።"

ሽማግሌው ፊቴ ቆመው "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ደበላ ነኝ" አሉኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። እጃቸውን ይዤ ወደ ጓዳ አስገባኋቸውና አስቀመጥኳቸው።

"አባቴ፣ አንቱ ከባለቤቴ ጋር በክርክር ላይ አልነበሩም?"

"ሁለት ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ጥሩ ጠላት ነበር" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

"ታዲያ ለምን እንዲህ ያለቅሳሉ?"

"የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ብቻውን መጣ። እኔ በቀደመው ችሎት 'ቤቴ ከዛፉ ሥር ነው' ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ዛፍ የለማ! የመብራት ገመድ ሲዘረጋ ነው የቆረጡት። እሱ ግን አልሳቀም። ያን ቅዳሜ መጣና 'ዛፉ የት ነበር ኦቦ?' አለኝ። ጉቶውን አሳየሁት። ፍግ ደፍተንበት ነበር፤ በእጁ ጠረገው። በዚያ ነጭ ሸሚዙ! 'ገመድ አለዎት?' አለኝ። የጤፍ ጆንያ የማስርበትን ሲባጎ ሰጠሁት። ጉቶውን ዙሪያውን ለካና ቋጠረ። ከጉቶው እስከ ግድግዳዬ ለካና ቋጠረ።"

"ከዚያስ ምን አለ?"

"ምንም። እርጎ አቀረብኩለት፤ 'ከተከራካሪዬ ቤት አልጠጣም' አለ። ተቆጣሁ። ሲባጎውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና 'እመልሰዋለሁ' አለኝ። 'ምኑን?' ስለው 'ሲባጎውን' አለ። ሄደ።"

ጎንበስ ብለው በትራቸውን ፈለጉ፤ ውጭ መቅረቱን ሲያስታውሱ ባዶ እጃቸውን ጨበጡ።

"አባቴ ያቆመው ቤት ነው ልጄ። ዳኛዋ የማፍረሱን ትእዛዝ ያገደችው እስከ ሰኞ ብቻ ነው። አንቺ ሚስቱ ነሽ። ሰኞ ለት ምን ሊል ነበር?"

ያንኑ ጥያቄ እኔ ልጠይቃቸው ነበር ያስገባኋቸው።

እሑድ አቶ ፍቃዱ ተመለሱ። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ ሳሎን ቁጭ አልን። ፋይሉን አቀረብኩላቸው፤ በላዩ ሦስቱን ገጾች አደረግሁ። አነበቡ። እንደገና አነበቡ።

"ያልተፈረመ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ያልተፈረመ ወረቀት ለፍርድ ቤት ወረቀት አይደለም።"

"ለእኔስ?"

"ለአንቺ የባልሽ ጽሕፈት ነው፤ አስቀምጪው። ቀሪውን ስጪኝ።"

"የሰውየው ቤት ሊፈርስ ነው እኮ፣ አቶ ፍቃዱ።"

"ስሚኝ። ይህ ወረቀት ከወጣ ሰው መጀመሪያ የሚለው 'መላኩ ሽማግሌውን ረድቶ ምን አገኘ?' ነው። እሱ ቆሞ አይከራከርም። አንቺ ነሽ የምትሰሚው።"

እኔው ራሴ ረቡዕ ዕለት ያሰብኩትን ነበር የነገሩኝ።

"እርስዎ ካርታውን አይተውታል?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። "ጥቁር ክብ ነገር አለ። ቁጥቋጦ ነው ብለን አለፍነው። አስተያየቱን የጻፈው መላኩ ነው፤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።"

ፋይሉ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰጠኋቸው። ሦስቱ ገጾችና ሲባጎው እኔ ጋ ቀሩ። አልጠየቁኝም።

ሰኞ ጠዋት ጥቁር ልብሴን ለብሼ ስወጣ ብርቄ በሩ ላይ ያዘችኝ። "አንቺ! ገና ሳምንቱ ነው! ሰው ምን ይላል?"

"ፍርድ ቤት ደርሼ እመለሳለሁ።"

"ምን ልትዪ?"

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። ታክሲ ውስጥ ሦስቱን ገጾች ጡቴ ሥር ይዤ፣ አሥር ጊዜ ወርጄ ልመለስ አሰብኩ። ወረቀቱን ካቀረብኩ የባሌን ስሕተት ባደባባይ ላነብ ነው። ካላቀረብኩ እኔ ያሳጠርኩት ዓረፍተ ነገር የሽማግሌውን ቤት ሊያፈርስ ነው። መላኩ የትኛውን ይወድ ነበር? በዚያ ቦርሳ ውስጥ ሁለቱንም ይዞ ነበር የወጣው።

ፍርድ ቤቱ ግቢ ስገባ መሃል ላይ ቆምኩ። የወደቀበትን ቦታ ማንም አላሳየኝም፤ የትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ገባሁ።

ዳኛዋ መነጽር ያደረገች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። አስተዳደሩን ወክለው የቆሙት አቶ ፍቃዱ ራሳቸው ናቸው። ኦቦ ደበላ ያለ ጠበቃ ቆመዋል። ጉዳያቸው ሲጠራ ከኋላ ተነሣሁ።

"ምንድን ነው ሴትዮ?" አለች ዳኛዋ።

"የመላኩ ሚስት ነኝ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንድቀርብ አደረገች፤ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። አቶ ፍቃዱ ይቃወማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። "ያልተፈረመ መሆኑ ይመዝገብልን" ብቻ አሉ፣ በቀስታ።

ዳኛዋ አስማለችኝና ጠየቀችኝ። "የባለቤትሽ የእጅ ጽሕፈት ነው?"

"አዎ።"

"ይህን ለፍርድ ቤቱ ሊያቀርብ አስቦ ነበር?"

ኦቦ ደበላ ዞረው አዩኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። እኔም እፈልገው ነበር፤ "አዎ" ብል ሽማግሌው ቤታቸውን ይዘው፣ እኔም የማላፍርበት ባል ይዤ እንገባለን። ግን ያለ ቀይ እስክሪብቶዬ አንድ ወረቀት አስገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን ደብቆኛል። ሊቀደው ይሆን? እንዳላፍርበት ብሎ ይሆን? ደግሞ ጉቶውን በእጁ የጠረገ ሰው ነው።

"አላውቅም" አልኩ።

"አታውቂም?"

"ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። ሮቶ ውስጥ ነበር፤ ውጣና ንገረኝ አልኩት።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አቆመ።

"ሌላውን መልስ፣ የተፈረመውን፣ ያረምኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "'ቤት አልነበረም' የሚለውን ያሳጠርኩትም እኔ ነኝ። ቦታውን አላየሁም። እሱ ግን ሄዶ አይቷል።" ሲባጎውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። "የለካው በዚህ ነው።"

ዳኛዋ ሲባጎውን አንሥታ ቋጠሮዎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ያልተፈረመውን ጽሑፍ የአስተዳደሩ መልስ አድርጋ እንደማትቀበለው ተናገረች። ኦቦ ደበላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥላ፣ ባለሙያዎች የአየር ካርታውን ይዘው ቦታው ላይ ሄደው ጉቶውንና ቤቱን እንዲለኩ፣ እስከዚያም ቤቱ እንዳይፈርስ አዘዘች።

ልኬቱ በተደረገ ቀን አልሄድኩም። አቶ ፍቃዱ ግን ሄደው ነበር። ማታውኑ ደወሉልኝ። "ቋጠሮው ከአንድ ጣት በቀር አልተሳሳተም። ጥቁሩ ክብ የዛፉ ጥላ ነው፤ ቤቱ ከሥሩ ነው" አሉኝ። ድምፃቸው የደስታም የሐዘንም አልነበረም። ቤቱ አልፈረሰም፤ ይዞታው የኦቦ ደበላ ነው ተብሎ ተወሰነ።

ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሲባጎውን ከፍርድ ቤት ተቀብዬ ወሰድኩላቸው። "እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር" አልኳቸው። ተቀብለው ጆንያ አፍ ላይ ጣል አደረጉትና "ተመለሰ" አሉ። እርጎ አቀረቡልኝ። እኔ ተከራካሪ ስላልሆንኩ ጠጣሁ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ "ባልሽ ጻድቅ ነበር" ይሉኛል። ደስ እንዲለኝ ነው። እናንተም እንዲያ ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ጻድቅ ይሁን ፈሪ አላውቅም። አንዳንድ ቀን፣ ያን ጠዋት ወደ ችሎቱ ሲራመድ በእጁ የጻፈውን ሊያስገባ ቆርጦ ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ግቢው መሃል የቆመው ልቡ ስለከዳው ነው እላለሁ። ከእሱ ጋር አሥራ አራት ዓመት ኖሬ በመጨረሻው ጠዋት ምን እንደነበረ የማላውቅ ከሆነ፣ እሱን አውቀው ነበር ማለት እችላለሁ? ይህን ካህናቱንም፣ እናቴንም ጠየቅሁ። "ጊዜ ይፈታዋል" አሉኝ። ጊዜው እየሄደ ነው።

የተለወጠው ነገር ትንሽ ነው። የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ዓረፍተ ነገሩ ስላማረ ብቻ አላልፈውም። "በእውነት አይተኸዋል?" እላለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ "ቲቸር አይተኸዋል" ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሦስቱ ገጾች መዝገቡ ውስጥ ቀርተዋል፤ ኮፒው እኔ ጋ ነው። ስሕተቶቹን በሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ አንዱንም አላረምኩም።

አሁን ሮቶውን የማጥበው እኔ ነኝ። በግድ ሾልኬ እገባለሁ፤ ብርቄ በርጩማው ላይ ቆማ ብሩሽና ባልዲ ታቀብለኛለች።